በመዋጮ የሚገዛው ግራፊክስ ካርድ የክፍቱ ይሁን የዝጉ?

ናቲ (የካ አባዶ)፦ ሰላም ሰፈር። ለልጆቹ የኮምፒውተር ላብ ከየብሎኩ በተዋጣው ብር ማሽኑ ሊሞላ ነው፣ የቀረን ግራፊክስ ካርድ ብቻ ነው። አዲስ አይታሰብም፣ ያገለገለ ነው። ኮሚቴው ሁለት ላይ ደርሷል፣ የኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 1060 ባለ 6 ጊጋ ወይ የኤኤምዲ አርኤክስ 580 ባለ 8 ጊጋ። የሚጫነው ሊኑክስ ነው (በነጻ የሚገኘው ኦፐሬቲንግ ሲስተም)፣ እሱ አልቋል ደግማችሁ እንዳታነሱት በናታችሁ። እና ክርክሩ ምንድነው፣ የሰው ብር ስለሆነ ኦፕን ሶርስን (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሶፍትዌርን) የሚደግፈውን ካምፓኒ እንምረጥ ወይስ ለስራው የሚመቸውን ገዝተን እንገላገል?

ሄኖክ (ገላን)፦ ይሄ ደግሞ ምን ያከራክራል ኤኤምዲ ነዋ። ኤንቪዲያ እኮ የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ራሱ በፈረንጆቹ 2012 ፊንላንድ ውስጥ ካሜራ እያየ የመሃል ጣቱን የቀሰረበት ካምፓኒ ነው 😂 ኤኤምዲ ኤቲአይን ከገዛ በኋላ ከ2007 ጀምሮ የካርዶቹን ሰነድ እየለቀቀ መጣ፣ ድራይቨሩም (ካርዱን የሚያሰራው ፕሮግራም) ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ውስጥ ገባ፣ ሰክተህ ታበራለህ በቃ። የሕዝብ ብር ዝግ ነገር ላይ አይውልም።

ሰብሊ (ለገጣፎ)፦ ሰክተህ ታበራለህ፣ ከዛስ? ስክሪን ማብራትና ስራ መስራት ይለያያል ሄኖኬ። ልጆቹ ብሌንደር (የ3ዲ ስዕልና አኒሜሽን ፕሮግራም) ሊማሩ ነው አይደል? ብሌንደር 3.0 በ2021 ሲወጣ ኦፕንሲኤልን (በተለያዩ ካምፓኒዎች ካርድ ላይ ስሌት የሚያሰራውን መንገድ) ጣለው፣ ከዛ ወዲህ 580 የያዘ ሰው በሳይክልስ (ምስሉን በሚያወጣው የብሌንደር ክፍል) ሬንደር የሚያደርገው በሲፒዩ ነው። 1060 በኩዳ (ኤንቪዲያ ካርዱ ላይ ስሌት የሚያሰራበት የራሱ ሶፍትዌር) ይሰራል። እኔ እንጀራዬ ሬንደር ነው፣ ደንበኛ ፍልስፍና አይረከበኝም።

ሄኖክ፦ እሱ የብሌንደር ጥፋት ነው የኤኤምዲ አይደለም

ሰብሊ፦ የማንም ጥፋት ይሁን፣ ለልጁ ምን ይለውጥለታል?

ሊዲ (ቱሉ ዲምቱ)፦ አይ ሄኖክ የኤኤምዲም እጅ አለበት። የኩዳ ተፎካካሪ የሚባለውን ሮክም በ2016 ክፍት አድርጎ አወጣው፣ ጎሽ፣ ግን ኮዱ ክፍት ሆኖ በየትኛው ካርድ ላይ ይደገፋል የሚለው ዝርዝር አጭር ነው፣ ተራ ሰው የሚገዛቸው ካርዶች ደግሞ እዛ ላይ ሁሌም ጥቂት ናቸው። 580 በ2017 ነው የወጣው፣ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ከሮክም ድጋፍ ተሰናበተ። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው። ኤንቪዲያ ኩዳን ከ2007 ጀምሮ ርካሽ የጌም ካርድ ላይ ሳይቀር አወረደው፣ ተማሪው ዶርሙ ውስጥ በዛ ተማረ፣ ስራ ሲይዝም ድርጅቱ ኩዳ እንዲገዛ አደረገ። ገበያውን የያዘው በዚህ ነው። ዝግ ነው ግን ደጅህ ድረስ መጥቷል።

እና ዝሉዳን አንርሳ። የኩዳ ፕሮግራም ኤኤምዲ ካርድ ላይ እንዲሮጥ የሚያደርግ ፕሮጀክት ነው፣ ኤኤምዲ ራሱ ገንዘብ ሲሰጠው ቆይቶ አቆመ፣ በ2024 መጀመሪያ ኮዱ ክፍት ሆኖ ወጣ፣ በዛው ዓመት ነሐሴ ላይ በኤኤምዲ ጥያቄ እንዲነሳ ተደረገ። ስለዚህ መላእክት አይደሉም።

ሄኖክ፦ እሺ መላእክት አይሁኑ። 1060ን ግን ተመልከቱት። ኤንቪዲያ ከሁለተኛው ማክስዌል (የካርድ ትውልድ ስም ነው) ጀምሮ በራሱ ፊርማ የተቆለፈ ፈርምዌር (ካርዱ ውስጥ የሚሰራ ፕሮግራም) ካልተጫነ ካርዱ ፍጥነቱን አይጨምርም፣ ስለዚህ ኑቮ የሚባለው የበጎ ፈቃደኞቹ ድራይቨር 1060 ላይ እንደ ኤሊ ነው፣ ካርዱ ሲበራ በያዘው ዝቅተኛ ክሎክ ላይ ይቀራል። የኤንቪዲያውን ዝጉን መጫን ግድ ነው። እሱንም በ2025 ኩዳ 13 ሲወጣ ማክስዌልን፣ ፓስካልን፣ ቮልታን አስወጣቸው። 1060 ፓስካል ነው። ያለቀለትን ካርድ ነው እንዴ በመዋጮ የምንገዛው

ሰብሊ፦ ኧረ አታስፈራራ! ኩዳ 12ን ማን ከለከለህ? የድሮው ቨርዥን ከማሽኑ አይጠፋም እኮ። ደግሞ ኤንቪዲያም በ2022 ድራይቨሩን ኦፕን ሶርስ አድርጎታል ዜናውን አላየህም?

ሊዲ፦ እሱን ዜና በደንብ እናንብበው። በግንቦት 2022 የተከፈተው ከርነል ውስጥ የሚገባው ክፍል ነው። ኩዳውና ኦፕንጂኤሉ (ግራፊክሱን የሚስለው) ያለበት ክፍል አሁንም ዝግ ነው፣ ድሮ ድራይቨሩ ይሰራው ከነበረው ብዙው ደግሞ ካርዱ ላይ ወዳለ ጂኤስፒ የሚባል ፕሮሰሰር ፈርምዌር ሄዷል፣ እሱም ዝግ። ያ የተከፈተውም የሚሰራው ከ2018ቱ ቱሪንግ ትውልድ ወዲህ ላሉት ነው። ለ1060 ምንም አልመጣለትም።

የድሮውን ቨርዥን ይዞ መቀመጥ ይቻላል ሰብሊዬ፣ ግን ከርነሉ ይቀየራል። 390 የሚባለው የድሮ ካርዶች ድራይቨር ድጋፉ በ2022 መጨረሻ ካቆመ በኋላ አዲስ ከርነል ላይ አልገጥም ይላል፣ ሰው ከየትም የተለቀመ ፓች እየለጠፈ ነው የሚያስኬደው። ላቡን የሚጠብቀው ደግሞ የአስራ አንደኛ ክፍል ልጅ ነው፣ አፕዴት አድርጎ ጥቁር ስክሪን ሲመጣበት ማንን ይጠራል?

ጋሽ ታደሰ (ቱሉ ዲምቱ)፦ ልጆች ክርክራችሁ ደስ ይላል። ፓወር ሰፕላዩ ስንት ዋት ነው?

ናቲ፦ 450 ይላል ጋሼ

ጋሽ ታደሰ፦ ይላል። ክብደቱን በእጅህ ያዘው፣ ቀሎ ከተሰማህ 450 አይሰጥም። 1060ው 120 ዋት ነው የሚጠጣው፣ 580ው 185። እዚህ ዳር ሰፈር መብራቱ ሲዋዥቅ ደግሞ ታውቁታላችሁ። እና 580 ብዙው ክሪፕቶ ማይኒንግ ላይ የከረመ ነው፣ ኢቴሬም በ2022 ማይኒንግ ሲያቆም ነው ገበያውን ያጥለቀለቀው። የካርዱን ባዮስ (የማስነሻ ፕሮግራሙን) ነካክተውት ሊሆን ይችላል። ፋኑን በጣት አዙሩት፣ የሚንገጫገጭ ከሆነ ተዉት። ዊንዶው ላይ ጌም አስከፍቶ ለሚያሳያችሁ ሻጭ ብር እንዳትሰጡ፣ ሊኑክሱን በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ።

ናቲ፦ ጋሼ ይኑሩልን 🙏 እንግዲህ ፓወር ሰፕላይም ሊጨመር ነው

ሊዲ፦ የሚያበሳጨኝ ሁላችንም የምንጨቃጨቀው ካምፓኒው ደግ ነው ክፉ ነው እያልን ነው። ያገለገለ ካርድ የሚገዛ ሰው የካምፓኒውን ደግነት አያገኝም፣ ድጋፉ ሊያልቅ ሲል ወይ ካለቀ በኋላ ነው እጁ የሚገባው። ስለዚህ ጥያቄው ካምፓኒው ከሄደ በኋላ ሌላ ሰው መቀጠል ይችላል ወይ ነው። 580ን እዩት። ራድቪ የሚባለውን የቩልካን (ለግራፊክስም ለስሌትም ካርዱን የሚያሰራ ክፍት መንገድ) ድራይቨር ኤኤምዲ አይደለም የጀመረው፣ በ2016 የውጪ ሰዎች ናቸው፣ የቻሉት ግን የከርነሉ ድራይቨር ክፍት ስለነበረ ነው። ቆይቶ በ2025 ኤኤምዲ የራሱን የሊኑክስ ቩልካን ድራይቨር አቁሞ ወደ እነሱው ዞረ። ሮክም 580ን ቢጥለውም ላማ ሲፒፒ በሚባለው ፕሮግራም ላይ በቩልካን ትንንሽ የኤአይ ቋንቋ ሞዴሎችን 8 ጊጋዋ ውስጥ ታስኬዳለህ። ልጆቹ የአማርኛ ሞዴል መነካካት ከፈለጉ ይበቃቸዋል።

ሰብሊ፦ ሳይክልስ በቩልካን አይሰራም ሊዲ። ለሞዴል ያልሽው ይሁን፣ ለእኔ ሙያ መልስ አልሆነም። ከነዚህ ሁለቱስ ለምን የኤንቪዲያው ጂቲኤክስ 1650 አይታይም? 75 ዋት ነው፣ ብዙዎቹ ተጨማሪ ገመድ አይፈልጉም፣ ቱሪንግ ስለሆነ ሊዲ ያለችው የተከፈተው ድራይቨር ይገባለታል፣ ኩዳ 13ም አልጣለውም፣ ብሌንደሩም ይሄዳል።

ሊዲ፦ 4 ጊጋ ናት። ሞዴል ስትጭንባት ታንቃለች። ግን ኑቮም ከከርነል 6.7 ወዲህ ቱሪንግ ላይ በጂኤስፒው በኩል ፍጥነት መጨመር ችሏል፣ ስለዚህ ነገ ኤንቪዲያ ቢተዋት ጨርሳ አትሞትም፣ ፈርምዌሩ ዝግ ቢሆንም።

ሄኖክ፦ ዞራችሁ ዞራችሁ ኤንቪዲያ ልትገዙ ነው አይደል። የእኔ ድምፅ 580 ነው ናቲ ጻፍልኝ፣ ፓወር ሰፕላዩን ከጓደኞቼ አዋጥቼ አመጣለሁ

ጋሽ ታደሰ፦ ብራንድ ያለው ይሁን።

ናቲ፦ ሄኖክ 580፣ ሰብሊ 1650፣ ሊዲ አልወሰነችም። ነገ መርካቶ ወርጄ የ1650ን ዋጋ ጠይቄ እዚሁ እጽፋለሁ፣ ፍላሹን ማን ያዘጋጅልኛል?