ለተጨናነቀ መስመር አዲስ አውቶቡስ ከመግዛት በፊት ምን ይደረግ? (ጥያቄና መልስ)

ጠያቂ፦ ከስምሪት ክፍል

ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው በአንድ ትልቅ ከተማ የአውቶቡስ ስምሪት ክፍል ውስጥ ነው። ከተማው ጠዋትና ማታ በመኪና ይጨናነቃል። አንዱ መስመራችን ግን ከሁሉም ብሷል። ከዳር ሰፈር ተነስቶ መሀል ከተማ ይገባል፤ ወደ 10 ኪሎ ሜትር ይሆናል። 12 አውቶቡሶች ተመድበውለታል። በሥራ መግቢያ ሰዓት አንድ ምልልስ 2 ሰዓት ይፈጃል። በወረቀት ላይ በየ10 ደቂቃው አንድ አውቶቡስ መምጣት አለበት። በተግባር ግን ሰው ግማሽ ሰዓት ያህል ይጠብቅና ሦስቱ ተከታትለው ከች ይላሉ። የመጀመሪያው ጢም ብሎ ይሞላል፣ ከኋላ ያሉት ባዶ መቀመጫ ይዘው ይሄዳሉ።

አለቆቼ አዲስ አውቶቡስ ይገዛ ይላሉ። ከግዢው በፊት ሌላ አማራጭ ካለ ጽፌ እንዳቀርብ ታዝዣለሁ። ሁለት ነገር ላይ እርዱኝ። ለምንድን ነው ተያይዘው የሚመጡት? ገንዘቡ ትንሽ ከሆነስ ከየቱ ልጀምር? ተሳፋሪው በጣም እየተንገላታ ስለሆነ ነገሩ ያሳስበኛል።

መልስ፦ ሰዓት ጠባቂ

እህቴ፣ በደህናው ጊዜ ጠየቅሽ። የአውቶቡስ መርሐ ግብር ማውጣት ሥራዬ ነው። መጀመሪያ ይህን ስሌት ለአለቆችሽ አሳዪ።

120 ደቂቃ ለ12 አውቶቡስ ሲካፈል 10 ደቂቃ ይሆናል። ምልልሱ ወደ 96 ደቂቃ ቢወርድ እነዚያው 12 አውቶቡሶች በየ8 ደቂቃው ይደርሳሉ። ምልልሱ ሳይፈጥን በየ8 ደቂቃው ይምጣ ከተባለ ግን 15 አውቶቡስ ያስፈልጋል። ስለዚህ ከምልልሱ 24 ደቂቃ ማትረፍ ሦስት አውቶቡስ ከነሹፌሩ፣ ከነነዳጁና ከነጥገናው እንደማግኘት ነው። መንገዱ እንደተዘጋ የሚገዛ አውቶቡስ ግን ሄዶ የሚቆመው እዚያው የመኪና ሰልፍ ውስጥ ነው።

ተያይዘው የሚመጡበት ምክንያት ደግሞ የሹፌር ጥፋት አይደለም። አንዱ አውቶቡስ ቀይ መብራት ይዞት ትንሽ ይዘገያል። ስለዘገየ ቀጣዩ ፌርማታ ላይ ብዙ ሰው ተጠራቅሞ ይጠብቀዋል። ያን ሁሉ ሲያሳፍር የበለጠ ይዘገያል። ከኋላው ያለው ግን ፌርማታው ተጠርጎ ስለሚያገኘው እየፈጠነ ይደርስበታል። አንዴ ከተያያዙ በራሳቸው አይላቀቁም።

ይህ ተሳፋሪውን ምን ያህል እንደሚጎዳ ተመልከቺ። በየ10 ደቂቃው እኩል ተራርቀው ቢመጡ፣ ሳያስብ ፌርማታ የወጣ ሰው በአማካይ 5 ደቂቃ ይጠብቃል። ሦስቱ አንድ ላይ በየ30 ደቂቃው ከመጡ 15 ደቂቃ ይጠብቃል። የአውቶቡሱ ቁጥር፣ ነዳጁም ደመወዙም ያው ነው። የተለወጠው በመካከላቸው ያለው ክፍተት ብቻ ነው።

ስለዚህ እንዲህ ብዙ ሰው ባለበት መስመር ላይ ሹፌሩን «በ1:40 እዚህ ድረስ» እያላችሁ አትያዙት። ከፊቱና ከኋላው ካለው አውቶቡስ ጋር ያለውን ክፍተት እንዲጠብቅ አድርጉ። ጂፒኤስ ካላችሁ ቀላል ነው። ከሌላችሁም መነሻው ላይና መሀል መንገድ ላይ ስልክ የያዘ ተቆጣጣሪ ይበቃል። በጣም የቀረበውን አውቶቡስ አንድ ሁለት ደቂቃ ያቆየዋል። የሚያቆይበት ቦታ ግን ብዙ ሰው የሚወርድበት ፌርማታ ይሁን፤ አውቶቡሱ እንደታጨቀ ከቆመ ውስጥ ያለው ሰው ይበሳጫል፣ ልክም ነው። መጨረሻ ፌርማታ ላይም የእረፍትና የማካካሻ ደቂቃ ይኑር። ያ ከሌለ የጠዋቱ መዘግየት እስከ ማታ ይከተላችኋል።

መልስ፦ የድሮ ሹፌር

ብዙ ዓመት አውቶቡስ ነድቻለሁ። ወንድማችን የጻፈው ሁሉ እውነት ነው። እኔ ስለ በሩ ልናገር፤ ጊዜው በብዛት የሚባክነው እዚያ ነውና።

ፌርማታው ላይ 40 ሰው ቆሟል እንበል። ሁሉም በአንድ በር እየገባ፣ እየከፈለ፣ መልስ እየተቀበለ በነፍስ ወከፍ 3 ሴኮንድ ብቻ ቢወስድ እንኳ 2 ደቂቃ ሄደ። አስቀድሞ ከፍሎ በሦስት በር ቢገባ 40 ሴኮንድ ነው። ሳን ፍራንሲስኮ እ.ኤ.አ. በ2012 በሁሉም መስመሮቿ ላይ በየትኛውም በር መሳፈርን ፈቀደች። ሰው ሳይከፍል ይገባል ተብሎ ተፈርቶ ነበር፤ በኋላ ሲታይ ግን ሳይከፍል የሚሳፈረው አልበዛም። ኩሪቲባ የምትባለው የብራዚል ከተማም እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ክፍያውን ፌርማታው መግቢያ ላይ አድርጋዋለች። የፌርማታው ወለል ከአውቶቡሱ ወለል ጋር እኩል ስለሆነ ደረጃ መውጣት የለም። ሽማግሌውም፣ ሕፃን ያዘለችውም ቶሎ ይገባሉ።

ሁለተኛው ነገር የፌርማታው ቦታ ነው። ፌርማታ ከትራፊክ መብራት በፊት ሲሆን በአረንጓዴ ሰው ታሳፍራለህ፣ ጨርሰህ ልትነሳ ስትል ቀይ ይይዝሃል። መብራቱን ካለፉ በኋላ ቢሆን ይህ ይቀራል። ወደ ውስጥ የተቆፈረ የፌርማታ ኪስም አልወድም። ለመኪኖች ይመቻል፣ አውቶቡሱ ግን ለመውጣት ሲለምን ይኖራል። የሚያሳልፈው የለም። የእግረኛውን መንገድ እስከ አውቶቡሱ ድረስ ማስወጣት ይሻላል።

አንድ ነገር አደራ። ሹፌር በጫነው ሰው ልክ የሚከፈለው ከሆነ የክፍተቱ ነገር አይሳካም። ሰው ለመሻማት ከጓደኛው ጋር ይሽቀዳደማል፤ ልጆቹን ማብላት አለበትና አልፈርድበትም። መለወጥ ያለበት አከፋፈሉ ነው።

መልስ፦ ጎዳናው

የከተማ መንገድ ፕላን ላይ ነው የምሠራው። በአከፋፈሉ ጉዳይ ከሴኡል መማር ይቻላል። እስከ 2004 ድረስ (የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የግል የአውቶቡስ ድርጅቶች ለተሳፋሪ ይሻሙ ነበር። በዚያ ዓመት ሐምሌ ላይ ከተማው መስመሮቹን ራሱ ወሰነ፣ ገቢውን አንድ ላይ ሰበሰበ፣ ለድርጅቶቹም አውቶቡሶቹ በተጓዙት ኪሎ ሜትር መክፈል ጀመረ። በአንድ ካርድ ከአውቶቡስ ወደ ባቡር ሲቀየር አዲስ ሒሳብ እንዳይጀምርም አደረገ።

ያለ መንገድ ግን የትም አይደረስም። ናክቶ የሚባለው የሰሜን አሜሪካ ከተሞች የትራንስፖርት ማኅበር በመመሪያው አንድ ንጽጽር አስቀምጧል። አንድ የመንገድ ረድፍ በግል መኪና በሰዓት ከ600 እስከ 1,600 ሰው ያሳልፋል። ያው ረድፍ ለአውቶቡስ ብቻ ሲሆን ከ4,000 እስከ 8,000 ሰው ያሳልፋል። «ከመኪና ላይ መንገድ መንጠቅ ነው» የሚል ሲመጣ ይህን አሳዩት። መንገዱን በመኪና ብዛት ሳይሆን በሰው ብዛት መቁጠር ተገቢ ይመስለኛል። 60 ሰው የጫነ አውቶቡስ አንድ ሰው ከጫነ መኪና ኋላ ተሰልፎ መቆሙ ፍትሕ አይደለም።

ኩሪቲባ ለአውቶቡስ ብቻ የተለየ መንገድ የጀመረችው በ1974 ነው። ቦጎታ በ2000 መጨረሻ፣ ጃካርታ በ2004፣ ኢስታንቡል በ2007፣ ሌጎስ በ2008፣ ዳሬሰላም በ2016 ተከትለዋል። የኢስታንቡሉ ይገርመኛል። ፌርማታዎቹ መሀል መንገድ ላይ ናቸው፤ የአውቶቡሶቹ በር ግን በቀኝ ነው። ስለዚህ በተለየው መንገድ ውስጥ አውቶቡሶቹ በግራ በኩል እንዲነዱ ተደረገ። ልዩ አውቶቡስ ሳያስፈልግ ችግሩ ተፈታ።

የከሸፈም አለ። ደልሂ በ2008 የከፈተችውን የአውቶቡስ መንገድ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አፍርሳዋለች። ሳንትያጎ ደግሞ በየካቲት 2007 የከተማውን መስመሮች በሙሉ በአንድ ቀን ቀየረች። አውቶቡሱ አልበቃም፣ የተለዩት መንገዶችም አላለቁም ነበር፤ ሕዝቡ ለወራት ተሰቃየ። እባክዎ በአንድ መስመር ይጀምሩ። ሰው በዓይኑ ይየው።

አስተያየት፦ ተሳፋሪዋ

ይህን ሁሉ ሳነብ ደስ ብሎኛል። አንድ ስጋት ግን አለኝ። እንዲህ ያለ ማሻሻያ ሲወራ «ፌርማታ ይቀነስ» የሚል ይከተላል። እናቴ በክራንች ነው የምትሄደው። ለእናንተ 200 ሜትር ምንም ላይሆን ይችላል፣ ለእሷ ግን ከቤት መውጣትና አለመውጣት ማለት ነው። እባካችሁ ይህን አትርሱ።

መልስ፦ ሰዓት ጠባቂ

ልክ ነሽ፣ እኔም ልጽፈው አስቤ ነበር። በ10 ኪሎ ሜትር ላይ ፌርማታ በየ250 ሜትሩ ሲሆን 40 ይሆናሉ፣ በየ400 ሜትሩ ሲሆን 25። እያንዳንዱ ቆሞ መነሳት 20 ሴኮንድ ቢበላ በአንድ ጉዞ 5 ደቂቃ ይተርፋል። ትልቅ ጊዜ ነው፤ ችላ የሚባል አይደለም። ግን በሜትር ብቻ አይወሰን። ሐኪም ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ገበያና ዳገት ያለበት ቦታ አይነካ። መቀነስ ያለባቸው እጅግ የተጠጋጉና ጥቂት ሰው ብቻ የሚጠቀምባቸው ናቸው፤ ያውም ነዋሪው ተጠይቆ።

ጠያቂ፦ ከስምሪት ክፍል

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ። መንገዳችን አንዳንድ ቦታ በየአቅጣጫው ሁለት ረድፍ ብቻ ነው። ባለ ሱቆቹም ደንበኛችን መኪና የሚያቆምበት ያጣል ብለው ይቃወማሉ። ሙሉውን 10 ኪሎ ሜትር መለየት የሚፈቀድልን አይመስለኝም።

መልስ፦ ጎዳናው

ሙሉውን መለየት አያስፈልግዎትም። አውቶቡሱ 10 ኪሎ ሜትሩን በሙሉ እኩል አይቆምም። ብዙ ጊዜ የሚበላው ሁለት ሦስት መስቀለኛ መንገድ ነው። እነሱን ይያዙ። ከመስቀለኛው በፊት መቶ ሁለት መቶ ሜትር ለአውቶቡስ ብቻ ቢለይ የመኪናውን ሰልፍ አልፎ መብራቱ ጋ ይደርሳል። መብራቱም አውቶቡስ ሲቃረብ አረንጓዴውን ለጥቂት ሴኮንድ ቢያረዝም ጥሩ ነው። ጠዋትና ማታ ብቻ ተለይቶ ቀን ላይ ለማቆሚያ የሚውል ረድፍም ይቻላል፤ ባለ ሱቆቹን በዚህ ማግባባት ይቀላል።

ኒውዮርክ በጥቅምት 2019 በ14ኛው ጎዳና ላይ አብዛኛውን ቀጥታ የሚያልፍ መኪና ቀን ቀን ከልክላለች። ከዚያ በፊት ነዋሪዎች መኪናው ወደ ሰፈራችን ይጎርፋል ብለው ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው ነበር። የተፈራው ጎርፍ አልመጣም፤ አውቶቡሶቹ ግን በጣም ስለፈጠኑ ከጊዜ ሰሌዳው እንዳይቀድሙ ቀስ እንዲሉ ይደረግ ነበር።

ቁጥጥር ግን የግድ ነው። ቀለም ብቻ የተቀባ ረድፍ ላይ ማንም ይቆማል። አንድ የቆመ መኪና ሁሉንም ያበላሻል። ኒውዮርክ አውቶቡሶቹ ላይ ካሜራ ገጥማ ረድፉን የዘጋውን ትቀጣለች። ካሜራው እስኪመጣ ድረስ ጠዋት ጠዋት ሁለት የትራፊክ ፖሊስ ቢቆምልዎትም ብዙ ነው።

መልስ፦ ሰዓት ጠባቂ

ደብዳቤውን ከመጻፍሽ በፊት ልኪ። ሁለት ሰው አውቶቡስ ውስጥ ይቀመጡ፤ አንዱ በመብራትና በመኪና ሰልፍ የቆመበትን ደቂቃ ይመዝግብ፣ ሌላው በር ተከፍቶ የቆየበትን። መነሻው፣ መሀሉና መድረሻው ላይ ደግሞ እያንዳንዱ አውቶቡስ የደረሰበት ሰዓት ይጻፍ። አብዛኛው ጊዜ የባከነው በር ላይ ከሆነ ከክፍያው ጀምሪ። መስቀለኛ ላይ ከሆነ «ጎዳናው» ያለውን አስቀድሚ። ክፍተት መጠበቁን ግን ምንም ሳትጠብቂ ጀምሪው፤ በጀት አይፈልግም፣ በእናንተው ክፍል ሥልጣን ውስጥ ያለ ነገር ነው። መዝገቡ ሲደርስሽ እዚህ አምጪው፤ ክፍተቶቹን አብረን እናሰላቸዋለን።