ዳማ ትውጣ ወይስ ትዘጋ?

የማራኪዋ፦ ሰላም ናችሁ። እኔና ባለቤቴ መስማማት አቅቶናል፣ እናንተ ፍረዱን። ኮንዶሚኒየም ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነን። ዳማ የምትባል አንድ ዓመት የሞላት ድመት አለችን። ከቤት ወጥታ አታውቅም ነበር። ሰሞኑን ግን በር በተከፈተ ቁጥር በእግሬ ሥር ትሾልካለች። ትናንት በረንዳ ላይ ከሰል ሳቀጣጥል ደረጃውን በሦስት ዝላይ ጨረሰችው። ያገኘኋት ምድር ቤት፣ ጎረቤት ምንጣፍ ላይ ነው። ያውም ሸንታበት። ባሌ «ድመት እስረኛ አይደለችም፣ ተያት» ይላል። እኔ ትዘጋ ባይ ነኝ።

ባለ እህሉ (ቅዳሜ ገበያ)፦ እኔ ከባልሽ ጋር ነኝ። ድመት እኮ ሥራ አላት! መጋዘኔ ውስጥ ጤፍና ሽምብራ አለ። ውሮ ባይኖር አይጥ ጆንያውን ወንፊት ያደርገው ነበር። ማታ ይወጣል፣ ጠዋት በር ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ ሲባል አልሰማሽም?

የእንስሳት ሕክምና ተማሪ፦ ጋሼ፣ የእርስዎ ውሮና የሷ ዳማ አንድ አይደሉም። እሱ ግቢውን አውቆት ነው ያደገው። እህቴ፣ ዳማን አስመክናችኋታል? ሌሊት ትጮሃለች? ወለሉ ላይ ትንከባለላለች?

የማራኪዋ፦ አላስመከንናትም። ጩኸቱንስ ተወው፣ እንደ ሕፃን ነው የምታለቅሰው። ታማ መስሎኝ ወተት ሳጠጣት ከረምኩ።

የእንስሳት ሕክምና ተማሪ፦ አልታመመችም፣ ወንድ ፈልጋ ነው። ሴት ድመት ከ4 ወር ዕድሜዋ ጀምሮ ልትፈልግ ትችላለች። እርግዝናው ደግሞ 9 ሳምንት ገደማ ነው። አመሉ በጩኸት በቁጣ አይጠፋም፤ ሐኪም ዘንድ ወስዳችሁ አስመክኗት። ከዚያ በኋላ በሩን እንዲህ አትናፍቀውም።

እማማ ከአዘዞ፦ ልጆቼ፣ እኔ ስለ አይጥ መርዝ ልናገር። የኔዋ ስትወጣ ስትገባ ነበር የኖረችው። አንድ ቀን ከምጣዱ ሥር ተኝታ አልነሳ አለች። አፏን ብከፍተው ድዷ ይደማል። የተመረዘ አይጥ በልታ ኖሯል። በሦስተኛው ቀን ሞተች። መርዙን ያስቀመጠው ጎረቤቴ ክፉ ሰው አይደለም፣ አይጥ አስመርሮት ነው። እስከ ዛሬ ሰላምታችን አልጠፋም። ድመት ግን ከዚያ ወዲህ አላሳደግሁም።

ባለ እህሉ፦ አዝናለሁ እማማ። ግን ይኸው፣ እኔ መርዝ የማላስገባው ውሮ ስላለ ነው። ሁሉም ሰው ድመቱን ቢዘጋ መርዙ ይብሳል እንጂ ይቀንሳል እንዴ?

የእንስሳት ሕክምና ተማሪ፦ እዚህ ላይ ተሸንፌያለሁ ጋሼ። ለመጋዘን ልክ ነዎት። ግን ውሮን የእብድ ውሻ በሽታ አስከትበውታል? ውሻ ከነከሰው እሱንም ይይዘዋል። ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳኛ የለውም። ሰው ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ደግሞ ቁስሉን 15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ አጥቦ በቶሎ ወደ ጤና ተቋም ነው።

ባለ እህሉ፦ አላስከተብኩም። እሺ፣ በዚህስ ያዝከኝ።

በያጁ፦ ክርክሩን ለእናንተ ትቼ ሥራ ልንገራችሁ። መስኮቱን በቀጭኑ የወባ ወንፊት እንዳታሠሪ፣ በጥፍሯ ትቦጭቀዋለች። ጠንካራውን ሽቦ በፍሬም አስበይጂ። በር ላይ ደግሞ አትመግቢያት፣ እዚያ አታቀማጥያት፤ በር ጥሩ ነገር የሚገኝበት ይመስላታል። ልትወጪ ስትይ ጓዳ ወስደሽ ጉርሻ ስጫት፣ እየበላች ውጪ።

የማራኪዋ፦ እናንተ ስትከራከሩ ወጣችላችሁ! ልጄ ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ በሩን ገርበብ አድርጎት ሄደ። ደረጃውን ሁሉ ፈለግን፣ የለችም። ሊመሽ ነው፣ ጅቡስ?

የእንስሳት ሕክምና ተማሪ፦ አትደንግጪ። የቤት ድመት ስትጠፋ አብዛኛውን ጊዜ ሩቅ አትሄድም፣ ቅርብ ቦታ ተደብቃ ድምፅ ታጠፋለች። የሰው እግር ሲቀንስ በእጅ ባትሪ ጥጋጥጉን እዪ፣ ዓይኗ ያበራል። አትሩጪባት። የምትወደውን ምግብ ይዘሽ ቁጭ በይና በቀስታ ጥሪያት።

እማማ ከአዘዞ፦ ማርያም ታግኝልሽ።

የማራኪዋ፦ ተገኘች! ደረጃው ሥር፣ ከጎረቤት የከሰል ጆንያ ኋላ። ዳማ መሆኗ ቀርቶ ጥቁር ሆናለች። ያገኛት ባሌ ነው፣ በባዶ እግሩ ሲዞር አምሽቶ። አሁን ሽቦው ስንት ይፈጃል እያለኝ ነው። ነገ ሐኪም ጋ እንወስዳታለን።

ባለ እህሉ፦ እንኳን ደስ አላችሁ። ከመምከኗ በፊት አርግዛ ከተገኘች ግን አንድ ግልገል ለኔ ያዥልኝ። ውሮ አርጅቷል። ክትባቱን እኔው እችላለሁ።