የፑሪን የሠረገላ በዓል የውጭ አገር ሰው ከየት ሆኖ ቢያየው ይሻላል?

ጥያቄ፦ በሕንድ ኦዲሻ ግዛት፣ በፑሪ ከተማ የሚከበረውን ራታ ያትራ የተባለውን የሠረገላ በዓል ለማየት አስቤአለሁ። ሂንዱ ያልሆነ ሰው ጃጋናት ወደተባለው የሂንዱ አምላክ ቤተ መቅደስ እንደማይገባ ስለሰማሁ፣ ምንም ሳላይ እንዳልመለስ ሰግቻለሁ።

መልስ 1፦ ስጋት አይግባዎ። ክልከላው ለቤተ መቅደሱ ውስጥ ነው፤ በዚያ ቀን ግን የጃጋናት፣ የወንድሙ የባላባድራና የእኅቱ የሱባድራ ምስሎች በየዓመቱ አዲስ በሚሠሩ ሦስት ግዙፍ የእንጨት ሠረገሎች ወደ ጎዳና ስለሚወጡ፣ ማንም ሰው ሊያያቸው ይችላል። ባለ 16 መንኰራኵሩን የጃጋናት ሠረገላ ምእመናን በወፍራም ገመድ እየጎተቱ፣ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው የጉንዲቻ ቤተ መቅደስ ሲያደርሱት ማየት እጅግ ያስደንቃል።

መልስ 2፦ እባክዎ ገመዱ አጠገብ አይቁሙ፤ በግፊያው ሰዎች የሞቱባቸው ዓመታት አሉ። በጎዳናው ዳር ካሉት ሕንፃዎች ሰገነት ላይ አስቀድመው ቦታ ይያዙ። የመጀመሪያው ቀን ካልተመቸዎ፣ ከሳምንት ገደማ በኋላ ሠረገሎቹ በዚያው ጎዳና ይመለሳሉ።