የሪሲቨር ፓወር ሰፕላይ ዳዮድ በቴስተር ለክቼ ግራ ገባኝ፣ የምታውቁ እርዱኝ

የሸዋ በር ልጅ (ደሴ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጥገና ገና እየተማርኩ ነው። ቅዳሜ ማታ መብራት ሄዶ ሲመጣ የእናቴ ዲሽ ሪሲቨር በዛው ጠፍቶ ቀረ፣ ፒያሳ አንድ ጥገና ቤት ብወስደው ሳይከፍተው ቦርዱ ተቃጥሏል አዲስ ግዢ አለኝ። ልቤ አልተቀበለውም ራሴ ከፈትኩት። ፊውዙ ውስጡ ጠቁሯል። ከሱ ቀጥሎ አራት ጥቁር ዳዮዶች አሉ 4007 የሚል አላቸው፣ በዲጂታል ቴስተር ዳዮድ ምልክቱ ላይ አድርጌ ስለካቸው ሁለቱ በአንድ በኩል 560 ምናምን ይላሉ ሳገላብጠው ስክሪኑ ግራ ጥግ ላይ 1 ብቻ ይመጣል፣ ሁለቱ ግን በየትም ባደርገው 002 ይላሉ ይጮሃሉ። 560 ኦህም ማለት ነው? የተበላሹት የትኞቹ ናቸው?

ቴክኒሻን ከኮምቦልቻ፦
አብሽሪ እህቴ፣ ጥሩ ነው የለካሽው። 560 ኦህም አይደለም ሚሊቮልት ነው፣ ማለትም 0.56 ቮልት፣ ጤነኛ ሲሊከን ዳዮድ ከ0.5 እስከ 0.7 ያሳያል ሲገለበጥ ደግሞ አያሳልፍም፣ ያ ብቻውን የሚመጣው 1 አያልፍም ማለት ነው። 002 የሚሉት ሾርት ሆነዋል፣ ማለትም ተበላሽተው በሁለቱም በኩል ያሳልፋሉ። ግን ቦርዱ ላይ እንዳሉ አትመኚው፣ የእያንዳንዱን አንድ እግር ሶልደሩን አቅልጠሽ አንሺና ድገሚው፣ ሌላ ዕቃ በጎን ሊያሳስትሽ ይችላል። ለምሳሌ ከትልቁ ካፓሲተር ወዲያ ያለው ሾርት ከሆነ ደህናው ዳዮድ በሁለቱም በኩል 560 ይላል፣ እኔ ስጀምር በዚህ ስንት ደህና ዳዮድ ጥያለሁ።
ከመንካትሽ በፊት ግን ያን 400 ቮልት የሚል ካፓሲተር ዲሲ ከፍተኛው ላይ አድርገሽ ለኪው፣ 220 ዳዮዱን አልፎ እዛ ጋ 310 አካባቢ ይሆናል፣ ከሶኬት ቢነቀልም ይዞ ሊቆይ ይችላል። ከያዘ የቢጫ አምፖል ሁለት ሽቦ አስነኪው፣ በጠመንጃ መፍቻ እንዳታገናኚው።

ጋሽ ሬዲዮ፦
ልጄ ጥቁሩን ሽቦ ዳዮዱ ላይ ነጩ መስመር በሌለበት በኩል ነው የምታደርጊው፣ ቀዩን መስመሩ ጋ። እኛ እንዲህ ነው የተማርነው።

ቴክኒሻን ከኮምቦልቻ፦
ጋሼ በባለመርፌው ቴስተር ልክ ነዎት፣ እሱ ኦህም ላይ ሲሆን ፖዘቲቩ በጥቁሩ ነው የሚወጣው። ዲጂታሉ ላይ ግን ቀዩ ነው ፖዘቲቭ፣ ስለዚህ ጥቁሩን መስመሩ ጋ ታድርገው።

ጋሽ ሬዲዮ፦
እውነትህን ነው፣ እኔ ባለመርፌውን ብዬ ነው።

አቡ ሞባይል፦
ፊውዙን በቀጭን ሽቦ አገናኝተሽ ሞክሪው በቃ፣ እኔ ሁሌ እንደዛ ነው የማደርገው

ቴክኒሻን ከኮምቦልቻ፦
ኧረ በአላህ እንዲህ አትበላት! ፊውዙ የተቃጠለው በምክንያት ነው። አንዱ ዳዮድ ሾርት ሲሆን ሙሉው መብራት በጎረቤቱ በኩል ይሮጣል ያንንም ይዞት ይሄዳል፣ ለዛ ነው ሁለት የሞቱት። ሽቦ ካደረገች ቦርዱ ላይ ይነዳል ቤቱም አለ። አራቱንም ቀይሪ፣ የተረፉትም ያን ጭነት ቀምሰዋል፣ ዋጋው ደግሞ ምንም አይደለም። ከዛ ፊውዝ ቦታ ላይ የድሮውን ቢጫ አምፖል 60 ወይ 100 ዋት በሲሪየስ አስገቢ፣ መብራቱ በሱ ውስጥ አልፎ እንዲሄድ፣ ኤልኢዲ አይሆንም። ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ሾርት የለም፣ ደምቆ ከቀረ ግን ንቀይውና ወዲያኛውን ፓወር አይሲ (የፓወር ሰፕላዩን ቺፕ) እናያለን። 4007 ካጣሽ ሰኞ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ ስመጣ ይዤልሽ እመጣለሁ።

የሸዋ በር ልጅ (ደሴ)፦
እግራቸውን አንስቼ ስለካቸውም እነዛ ሁለቱ 002 ናቸው። አራቱንም ቀየርኩ፣ አምፖሉ ብልጭ አለና ደበዘዘ፣ የሪሲቨሩ ቀይ መብራት በራ!! አላህ ይስጥልኝ። ግን አንድ ነገር አስፈራኝ፣ ሶኬቱን ኤሲ ላይ አድርጌ ስለካው 271 ይላል፣ 5 ቮልት መውጫውም 6 ይላል፣ እንዲህ እያለ አምፖሉን አውጥቼ ፊውዙን ላስገባ?

ቴክኒሻን ከኮምቦልቻ፦
ሁለቱም በአንዴ ከፍ ካለ ቴስተርሽን ጠርጥሪ። ስክሪኑ ጥግ ላይ የባትሪ ምልክት የለም? ባትሪው ሲደክም ርካሾቹ ቴስተሮች ጨምረው ነው የሚያነቡት፣ ባለ 9 ቮልቱን ቀይሪና ድጋሚ ለኪው።

የሸዋ በር ልጅ (ደሴ)፦
ምልክቱ አለ ለካ አላየሁትም ነበር። ባትሪ ቀየርኩ፣ ሶኬቱ 224፣ መውጫው 5.08። ፊውዙን በዛው በራሱ አምፒር አስገባሁ፣ እየሰራ ነው።