ሽንት እያቃጠለ ምርመራው «ነጻ ነሽ» ሲል የት ይኬዳል? (ጥቆማ)

ጥያቄ፦ እህት ወንድሞች፣ ጥቆማ ፈልጌ ነው። ሽንቴን ያቃጥለኛል፣ ሌሊትም ያመላልሰኛል። ክሊኒክ ተመርምሬ ኢንፌክሽን የለብሽም ተባልኩ። ከፋርማሲ ሲፕሮ ገዝቼ ጨረስኩ፣ ለውጥ የለም። አዲስ አበባ ጥሩ ላብራቶሪ የት አለ? ክራንቤሪ ጁስስ ያድናል?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ፣ ብዙ ሴት የምትንከራተትበት ነገር ነው። እባክሽ ሌላ አንቲባዮቲክ አትግዢ። መጀመሪያ የውጤት ወረቀትሽን እዪው። እዚያው ቁጭ ብለሽ ጠብቀሽ የወሰድሽው ከሆነ ተራው የሽንት ምርመራ ነው። ካልቸር ሌላ ነው፤ ባክቴሪያው እስኪበቅል ስለሚጠበቅ አንድ ሁለት ቀን ይፈጃል። አርሾና አይሲኤል የሚባሉት ላብራቶሪዎች ይሠሩታል። ሽንቱ ሳይቆይ መድረስ ስላለበት ለቤትሽ የሚቀርበውን ምረጪ። መጀመሪያ የሚወርደውን ልቀቂው፣ መሃለኛውን ያዢ። መድኃኒቱን መቼ እንደጨረስሽም ንገሪያቸው፤ ሲፕሮ ባክቴሪያውን ሊደብቀው ይችላል።

ካልቸሩም ምንም ካላበቀለ በሽንት ምርመራው ወረቀት ላይ የነጭ ደም ሴሉን ቁጥር ተመልከቺ። ከፍ ካለ እንደ ክላሚዲያና ጨብጥ ያሉ የአባላዘር በሽታዎች ይጠረጠራሉ፤ የተለመደው የሽንት ካልቸር አያወጣቸውም። የሽንት ቧንቧ ቲቢም እንዲሁ። ለአባላዘር እኔ የቤተሰብ መምሪያ ማኅበር ክሊኒኮችን እመርጣለሁ፤ ሥራቸው ስለሆነ ለመናገር አይከብድም። ጤና ጣቢያም በምልክቱ ተነስተው ያክማሉ። ብቻ የትዳር ጓደኛሽ አብሮ ካልታከመ ተመልሶ ይይዝሻል። ማሳከክ ወይም ፈሳሽ ካለ የማህፀን ሐኪም፣ ከጎን ተነስቶ ወደ ብሽሽት የሚወርድ ውጋት ካለ ደግሞ አልትራሳውንድ ይቅደም።

ሁሉም ንጹህ ሆኖ፣ ሕመሙ ፊኛሽ ሲሞላ የሚብስ፣ ስትሸኚ ቀለል የሚል ከሆነ የፊኛው የራሱ ሕመም ሊሆን ይችላል። ለዚህ ዩሮሎጂስት (የሽንት ቧንቧና የፊኛ ሐኪም) ጋ ሂጂ። እስከዚያው ለሁለት ሳምንት ቡናውን ተይው፣ በረካውን ብቻ ሳይሆን አቦሉንም። ሚጥሚጣ፣ ሎሚና አምቦ ውሃም ይቅሩ። አምቦ ለኩላሊት ጥሩ ነው ይባላል፤ የተቆጣ ፊኛን ግን ጋዙ ሊያብስበት ይችላል። ከዚያ አንድ በአንድ መልሺያቸውና የሚያቃጥልሽን ለዪ። በደቶልና ሽታ ባለው ሳሙና መታጠብም ይቁም፣ በውሃ ብቻ ይበቃል።

ክራንቤሪ ለአንዳንድ ሴቶች ኢንፌክሽን እንዳይመላለስ ይረዳል እንጂ የያዘውን አያድንም። አሲድ ስላለው ፊኛውን ሊያስቆጣም ይችላል። ብሩን ለካልቸሩ አውይው። ትኩሳት፣ ደም ወይም ሽንት እምቢ ማለት ከመጣ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ድንገተኛ ክፍል ግቢ።

ሌላ መልስ፦ አዋሽ ሸለቆ ኖረሽ ታውቂያለሽ? መካከለኛውና ታችኛው አዋሽ አካባቢ የሽንት ቢልሃርዚያ የሚባል የጥገኛ ትል በሽታ አለ። ሽንት ውስጥ ደም ያመጣል፣ ካልቸር ላይ አይታይም። የትሉ እንቁላል በሽንት በብዛት የሚወጣው ከረፋዱ 4 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ ናሙናውን ያኔ ስጪ። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው። እናቶች ደግሞ የወር አበባ ከቆመ በኋላ ድርቀቱ ራሱ ያቃጥላቸዋል፤ የማህፀን ሐኪም የሚያዝዘው የኢስትሮጅን ክሬም ይረዳቸዋል።

ጥያቄ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ወንድሜም ይኼው ምልክት አለበት፣ ለእሱስ?

መልስ፦ እሱም አባላዘሩን አጣርቶ ዩሮሎጂስት ጋ ይሂድ። ወንዶች ላይ የሚቆየው የፕሮስቴት (ከፊኛ ሥር ያለው ዕጢ) አካባቢ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ባክቴሪያ የለበትም። ከዳሌው ሥር ያሉት ጡንቻዎች ተወጥረው ከሆነ ደግሞ ፊዚዮቴራፒ ነው የሚረዳው፤ ሐኪሙን ይህን ይጠይቀው።