ያው ወይን ደሴ ላይ አፍ ይይዛል፣ ኮምቦልቻ ላይ ያቃጥላል፤ ለምን ይሆን?

ጦሳ ሥር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከአንድ ካርቶን የወጣ ደረቅ፣ ማለትም ጣፋጭ ያልሆነ፣ ሜርሎ የሚባል ቀይ ወይን ነው። ደሴ ማታ ሲከፈት ሽታ የለውም፣ ምላስ ያደርቃል። ኮምቦልቻ ላይ በቀን ሲቀዳ ደግሞ አልኮሉ ጉሮሮ ያቃጥላል። ተበላሽቶ ነው? ከዶሮ ወጥ ጋርስ ይሄዳል? የተረፈውስ ስንት ቀን ይቆያል?

ቡሽ ፈቺ፦
ወይኑ ደህና ነው፤ ችግሩ ሙቀቱ ነው። «ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት» የሚባለው ለቀዝቃዛ የአውሮፓ ቤት የተባለ ነው፤ ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ማለት ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ በኅዳር ማታ ቁም ሣጥን ውስጥ ያደረ ጠርሙስ ከዚያ በታች ይወርዳል። ሲቀዘቅዝ የፍሬው ሽታ ይታፈንና ታኒኑ ብቻውን ይቀራል። ታኒን ከወይኑ ልጣጭና ዘር የሚወጣ ነው፤ የምራቅን ፕሮቲን ስለሚይዝ አፍን እንዳልበሰለ ሙዝ ያደርጋል። ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ነገሩ ይገለበጣል፦ 25 ዲግሪ ላይ አልኮሉ ቶሎ ይተንና ከፍሬው ቀድሞ አፍንጫ ይመታል።

ደሴ ላይ ብርጭቆውን ሲሶ ብቻ ቀድታችሁ በሁለት መዳፍ ጥቂት ደቂቃ እቀፉት፣ ቀስ እያላችሁ አዙሩት። ሽታው ሲመጣ ያስታውቃል። ጠርሙሱን ከምድጃ አጠገብ ማቆም ግን አይሆንም፤ አንድ ጎኑ ይፈላል፣ መሃሉ እንዳለ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ፍሪጅ ውስጥ ግማሽ ሰዓት፣ ወይም ባልዲ ውስጥ በረዶና ውሃ ቀላቅሎ 10 ደቂቃ። ውሃውን አትርሱ፤ በረዶ ብቻውን ጠርሙሱን እዚህም እዚያም ነው የሚነካው። ብርጭቆ ውስጥ በረዶ የሚጨምር ሰው ካለ ደግሞ ምን ልበል፣ አምቦ ውሃ ይዘዝ።

ሰኞ ገበያ፦
ለዶሮ ወጥ ደረቁን ተዉት። አልኮልና ታኒን የበርበሬውን ማቃጠል ያባብሱታል። ጣፋጭነት ያለው፣ ለምሳሌ አክሱሚት፣ ያበርደዋል፤ ቀዝቀዝ ብሎ ይቅረብ። ሜርሎውን ለጥብስ አቆዩት። የሥጋው ፕሮቲን ታኒኑን ስለሚይዘው ያ የሚያደርቀው ነገር ይለዝባል። አዋዜውን ግን ቀነስ አድርጉ፣ አለዚያ ዞሮ ዞሮ ያው ነው።

ጦሳ ሥር፦
አመሰግናለሁ። የተረፈውስ?

ቡሽ ፈቺ፦
ጠላቱ አየር ነው። ግማሽ ጠርሙስ ከተረፈ በደንብ ታጥቦ የደረቀ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውስጥ ገልብጡት፣ ወይኑ አፉ ድረስ እስኪመጣ ጎኑን ጨምቁና ክደኑት። ፍሪጅ ውስጥ 3 ወይም 4 ቀን ይቆያል፤ ቀዩም ቢሆን ፍሪጅ ነው ቦታው። ኮምጣጤ ኮምጣጤ ማለት ከጀመረ ለወጥ እንጂ ለብርጭቆ አይሆንም።

ሰኞ ገበያ፦
አንድ ልጨምር። ያልተከፈተውን ባለ ቡሽ ጠርሙስ አጋድማችሁ አስቀምጡ። ወራት ከቆመ ቡሹ ይደርቅና ሲከፈት ይፈረፈራል፣ አየርም ያስገባል። ፍርፋሪው በንጹሕ የሻይ ማጥለያ ይወጣል። የረጠበ ካርቶን የሚሸት ከሆነ ግን የቡሽ ብልሽት ነው፤ ብታናፍሱትም አይለቅም፣ ለሻጩ መልሱት።