የትኞቹ የማይክሮቶናል ቅኝቶች በዊኪያችን የራሳቸው ገጽ ይገባቸዋል?

አዲስ አርታዒ (ጥያቄ)
ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ማይክሮቶናል ቅኝቶች፣ ማለትም ከተለመደው ባለ 12 ድምፅ አከፋፈል ውጭ ስላሉት፣ የማጣቀሻ ዊኪ እያዘጋጀን ነው። ያስቸገረን ነገር ማለቂያ ማጣቱ ነው። ኦክታቭን (የድምፁ ድግግሞሽ እጥፍ እስኪሆን ያለውን ርቀት) በ19፣ በ31፣ በ53፣ ካሻን በ1000 መክፈል እንችላለን። ስካላ የሚባለው ሶፍትዌር ማኅደር ብቻ ከ5000 በላይ ስኬሎች ይዟል። ከአባላቱ አንዳንዶቹ ቁጥር ሁሉ ገጽ ይኑረው ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ ዝነኞቹ ብቻ ይበቁናል ባይ ናቸው። እኔ መሐል ቤት ቀርቻለሁ። እናንተ በምን ትለያላችሁ?

ጆሮ ይፍረድ
እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህን ነው፦ በቅኝቱ የተሠራ ሙዚቃ አለ ወይ? ከፈጠረው ሰው ሌላ የተጠቀመበትስ አለ? 31ን ተመልከቺ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። አቀናባሪው ኒኮላ ቪሴንቲኖ በ1555 ባሳተመው መጽሐፍ አርኪቼምባሎ የተባለውን ብዙ ቁልፍ ያለው መሣሪያ ገለጸ። የሳይንስ ሊቁ ክርስቲያን ሁይኸንስ በ1691 የ31ን ክፍፍል በስሌት አሳየ። የፊዚክስ ሊቁ አድሪያን ፎከር ያሠራው ባለ 31 ድምፅ ኦርጋን ደግሞ በ1950 ተጠናቀቀ። አራት ምዕተ ዓመት ገደማ ሰው እየተመላለሰ ያንኳኳው በር ነው። እንዲህ ያለው ያለ ክርክር ይግባ።

ቆጣሪ
"ሙዚቃ አለው ወይ" የሚለው ጥሩ መነሻ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። አቀናባሪው ኢዝሊ ብላክዉድ በ1980 ከ13 እስከ 24 ላሉት እኩል ክፍፍሎች ለእያንዳንዳቸው አንድ ኤቱድ (መለማመጃ ድርሰት) ሠርቷል። በዚህ መስፈርት አሥራ ሁለቱም በአንዴ ገቡ ማለት ነው።

ስለዚህ ሌላ ጥያቄ ጨምሪበት፦ ስለዚህ ቅኝት ብቻ የሚነገር ነገር አለ? ስለ 53 አለ። 53 ንጹሕ አምስተኛዎች (የ3፡2 የድግግሞሽ ንጽጽር ያላቸው ርቀቶች) ቢደራረቡ 31 ኦክታቭን የሚያልፉት በጥቂቱ ብቻ ነው። የቻይናው ጂንግ ፋንግ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአንደኛው ምዕተ ዓመት ይህን ደርሶበታል። የ53 አምስተኛ 701.89 ሴንት (ሴንት የኦክታቭ 1200ኛ ክፍል ነው) ነው፤ ንጹሑ 701.96። ልዩነቱን ጆሮ አይሰማውም። የቱርክ ሙዚቃ ንድፈ ሐሳብም ዛሬ ድረስ በዚሁ የኦክታቭ 53ኛ ክፍል፣ ኮማ በሚባለው፣ ይቆጥራል። ለእኔ ይህ ከአሥር ኤቱድ ይበልጣል።

ባለ ኪቦርድ
ሥራውን የሚያቀልልሽን ልንገርሽ። ኮምፒውተር በአንድ ሰከንድ የሚያሰላውን ሁሉ፣ ማለትም የእርምጃውን ስፋት፣ የአምስተኛውንና የሦስተኛውን (የ5፡4 ርቀቱን) ከንጹሑ መራቅ፣ ወደ አንድ ትልቅ ሠንጠረዥ ክተቺው። እዚያ ቁጥር ሁሉ ቦታ አለው፤ ማንም አይከፋም። ገጽ የሚከፈተው ከሠንጠረዡ ውጭ የሚጻፍ ሐሳብ ሲኖር ነው።

መልካቸው ስለተመሳሰለ ብቻ ገጾችን እንዳትቀላቅዪ አደራ። ሩብ ኮማ ሚንቶን የሚባለው የድሮ ቅኝት አምስተኛው 696.58 ሴንት ነው፤ የ31ዱ 696.77። ሲሰሙ አንድ ናቸው። ግን አንደኛው ዘፋኝና ኦርጋን ሠሪ በጆሮ የደረሰበት መንገድ ነው፤ ሌላው ከ31 አምስተኛ በኋላ ወደ መነሻው የሚመለስ የተዘጋ ክብ ነው። ሁለት ገጽ ይሁኑ፣ በሊንክ ይያያዙ።

የመስክ ቀጂ
እስካሁን የተወራው ስለ ቁጥር ብቻ ነው፣ ይህ ያሳስበኛል። የኢንዶኔዥያ ጋሜላን (በአብዛኛው የነሐስ መሣሪያዎች ስብስብ) ስሌንድሮ የሚባለው ቅኝቱ አምስት ድምፅ አለው። በዚህ የተነሳ ብዙ ሰው "ባለ 5 እኩል ክፍፍል" ብሎ እያንዳንዱን እርምጃ 240 ሴንት አድርጎ ይመዘግበዋል። ይህ ትክክል አይደለም። እያንዳንዱ የጋሜላን ስብስብ የራሱ ቅኝት አለው፤ አንዱ ከሌላው አይገጥምም። ማቃም የሚባለው የአረብ የዜማ ስልትም እንደዚያው ነው። በወረቀት ላይ 24 ሩብ ድምፅ ተብሎ ይጻፋል፣ ተጫዋቹ ግን ሲካ የሚባለውን ድምፅ ከአገር አገር ከፍና ዝቅ ያደርገዋል። በ1932 የካይሮ የአረብ ሙዚቃ ጉባኤ ላይ እንኳ ይኸው እኩል ክፍፍል አከራክሯል። እነዚህን በቁጥር ገጽ ሥር አትቅበሯቸው። በራሳቸው ስም ገጽ ይኑራቸው፤ የተለኩ ምሳሌዎችም ጎን ለጎን ይቀመጡ። እኔን ብትጠይቂኝ ከሁሉም ቀድመው መጻፍ ያለባቸው እነዚህ ናቸው።

ቆጣሪ
እስማማለሁ። ኦክታቭ የሌላቸውንም እንዳትረሺ። ቦለን ፒርስ የሚባለው ቅኝት በኦክታቭ (2፡1) ፋንታ 3፡1ን በ13 ይከፍላል፤ እርምጃው 146.3 ሴንት ገደማ ነው። ክላሪኔት ሳይቀር ተሠርቶለታል። "ኦክታቭን በስንት?" ብሎ የሚጀምር ቅጽ ካላችሁ ግን ይህ ቅኝት መግቢያ ያጣል።

አዲስ አርታዒ
እግዜር ይስጥልኝ፣ ብዙ ነገር ጠራልኝ። ሁለት የከበዱኝ አሉ። አንደኛው፣ አባላት ራሳቸው ፈጥረው ወዲያው ገጽ የሚከፍቱላቸው ቅኝቶች ናቸው። ሁለተኛው እንደ 311 ያሉ ትልልቅ ቁጥሮች ናቸው።

ባለ ኪቦርድ
አዲስ ፈጠራ በአባሉ የግል ገጽ ይቆይ። ሌላ ሰው ሲሠራበት ይዛወራል። ይህን ሕግ ለሁሉም እኩል ካስከበርሽ ማንም አይቀየምሽም።

ቆጣሪ
311 ይግባ። አንዱ እርምጃ 3.86 ሴንት ብቻ ስለሆነ ለመጫወቻ አይመችም። ግን እስከ 41 ያሉትን ሃርሞኒኮች (የመነሻ ድምፁን ድግግሞሽ ሙሉ ብዜቶች) በሚያስደንቅ ሁኔታ ስለሚጠጋ እንደ መለኪያ ያገለግላል። ገጹ ላይ "መለኪያ" ተብሎ በግልጽ ይጻፍ። 310 እና 312 ሠንጠረዥ ይበቃቸዋል።

አዲስ አርታዒ
23ስ? አምስተኛ እንኳ የለውም። ልሰርዘው ነበር።

ጆሮ ይፍረድ
ኧረ እህቴ፣ እንዳትሰርዢው! ቅርቡ አምስተኛ 678 ሴንት ነው፤ ቀጣዩ 730። ሃርሞኒክ 3፣ 5፣ 7 እና 11ን አራቱንም ከ20 ሴንት በላይ ይስታቸዋል። ከለመድነው ስምምነት ሸሽቶ መጻፍ የሚፈልግ ሙዚቀኛ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ገጹን ከዚሁ ጀምሪው፣ የብላክዉድን ኤቱድም ጥቀሺ። ረቂቁን ስትለጥፊ አርማለሁ።